ከኤምፖሪያ ያልወጣው አሳታሚ

ጁን 1 ቀን 1895 አንድ የ27 ዓመት ወጣት በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ኤምፖሪያ በምትባል ትንሽ ከተማ ከባቡር ወረደ። (ቀኑም ዓመቱም፣ ከዚህ በታች እንዳሉት ሁሉ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ኪሱ ውስጥ የነበረው 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ብቻ ነው። ወጣቱ ለአፍታ ከራሱ ጋር ተማከረ። ሻንጣውን አንጠልጥሎ በእግሩ ቢሄድ 25 ሳንቲሟ ትተርፈዋለች፤ የፈረስ ጋሪ ቢይዝ ደግሞ ጣቢያው ላይ ቆሞ ወራጁን የሚቃኘው ሰው ሁሉ የሚያየው ባለጋዜጣ እንጂ ባለዕዳ አይሆንም። ጋሪውን ያዘ። ስሙ ዊልያም አለን ዋይት ነው። ኤምፖሪያ ጋዜት የተባለውን ጋዜጣ በ3,000 ዶላር ገዝቶ መምጣቱ ነበር፤ ገንዘቡ ግን ብድር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በ1944 እስከሞተበት ዕለት ድረስ፣ ከ48 ዓመት ከመንፈቅ በላይ፣ ጋዜጣውንም ከተማዋንም አልለቀቀም።

ለኤምፖሪያ እንግዳ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1868 የተወለደው እዚያው ነው፤ ያደገው ግን በዚያው ግዛት በምትገኘው በኤል ዶራዶ ነው። አባቱ ሐኪም ነበር፣ የኤል ዶራዶ ከንቲባም ሆኗል፤ በፖለቲካው ዴሞክራት። እናቱ መምህርትና ጽኑ ሪፐብሊካን ነበረች። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ሰው ሳይጣላ መከራከር እንደሚችል ገና በምግብ ገበታ ላይ ይማራል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪውን ሳይዝ ወጣ፤ በኤል ዶራዶ ጋዜጣ ሠራ፤ ከዚያም ወደ ካንሳስ ሲቲ ሄዶ ስታር በተባለው ትልቅ ጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ ጸሐፊ ሆነ። በ1893 ሳሊ ሊንድሴይን አገባ። ደመወዙም ስሙም እያደገ ሳለ ነው እንግዲህ ወደ ትንሿ ከተማ ተመልሶ የራሱን ጋዜጣ መግዛት የፈለገው።

ጁን 3 ቀን በወጣው የመጀመሪያ ርእሰ አንቀጹ ለአንባቢዎቹ ሁለት ቃል ገባ። አንደኛው ለቦታው የተሰጠ ነው፦ አዲሱ አዘጋጅ እዚሁ ኖሮ፣ እዚሁ ሸምግሎ፣ የትም ቢሄድ ከስሙ ቀጥሎ የኤምፖሪያ ሰው ተብሎ ሊጠራ ይመኛል። ሁለተኛው ለፓርቲው ነው፦ ጋዜጣው ሪፐብሊካን ነው፣ የፓርቲውን ዕጩዎች ምንጊዜም ይደግፋል፣ ማፈንገጥም ማኩረፍም የለም። የዚህን ሰው ዕድሜ በሙሉ ከዳር እስከ ዳር ብንከተለው የመጀመሪያውን ቃል አጥብቆ ጠብቋል፣ ሁለተኛውን ደጋግሞ አፍርሷል። እኔ የምለው ደግሞ ሁለቱ ነገሮች በአጋጣሚ የተገናኙ አይደሉም ነው። ለፓርቲው የሰጠውን ቃል ያስፈረሰው ለከተማዋ የሰጠው ቃል ነው። ስለ ዋይት የሚጽፉ ብዙዎች ታላቅ ሰው ሆኖ ሳለ በትንሽ ከተማ ተወስኖ መኖሩን እንደ ትሕትና ይቆጥሩለታል። ለእኔ ግን ትልቅ ያደረገው ያው መወሰኑ ነው።

የትንሽ ከተማ ጋዜጣ አሠራር ይህን ለመረዳት ይጠቅማል። በትልቅ ከተማ ርእሰ አንቀጽ ጸሐፊ የሰደበውን ሰው ፊት ሳያይ ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል። በኤምፖሪያ ግን ጠዋት የተጻፈበት ሰው ከሰዓት በኋላ ፖስታ ቤት በር ላይ ይጠብቃል። ጋዜጣው የሚኖረው ከአንባቢው በሚሰበሰብ የደንበኝነት ክፍያ፣ ከአካባቢው ሱቆች ማስታወቂያና ለሰርግ፣ ለስብሰባ፣ ለደረሰኝ ከሚታተመው ጥቃቅን ሥራ ነው። ማን እንደወለደ፣ ማን ከዘመድ ጥየቃ እንደተመለሰ፣ የማን ጎተራ እንደተቃጠለ የሚጽፈው እጅ ያው ስለ ፕሬዚዳንቱ የሚጽፈው እጅ ነው። ሳሊም ከባሏ ጎን ቆማ በዝግጅቱም በሒሳቡም ትሠራ ነበር።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፤ በቀላሉም የሚታለፍ አይደለም። መቅረብ ያስራል እንጂ ነጻ አያወጣም የሚል ነው። ዋይት ጋዜጣውን ሲገዛ ገንዘብ ካበደሩት መካከል ባለባንክና የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ጭምር ነበሩ። ማስታወቂያ የሚሰጠው ነጋዴ ጎረቤቱ ነው፤ የፓርቲው አለቃ ወዳጁ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በማን ላይ ብዕሩን ያነሳል? የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለዚህ ተቃውሞ ያደላሉ። ወጣቱ ዋይት ያበደሩትንና ያስጠጉትን ሰዎች ዓለም እንደ ራሱ ዓለም አድርጎ ያይ ነበር። የዚያም ውጤት በ1896 ታየ።

ያ ዘመን ለካንሳስ ገበሬ ክፉ ነበር። የ1880ዎቹ የመሬት ግርግር ከከሸፈ በኋላ ድርቅ ተከተለ፤ ምዕራባዊው ክፍል ሰው እየጣለው ወጣ፤ መሬቱን አስይዞ የተበደረውን ገበሬ የባቡር ኩባንያው የጭነት ዋጋና የባንኩ ወለድ ተባብረው አነቁት፤ በቆሎ እጅግ ከመርከሱ የተነሳ ለማገዶ የዋለበት ክረምት አለፈ። ከዚህ ብሶት የፖፑሊስቶች ፓርቲ ተወለደ። ጥያቄያቸው በገቢ መጠን የሚጨምር ግብር፣ በቀጥታ በሕዝብ የሚመረጥ ሴናተር፣ በመንግሥት እጅ የሚገባ ባቡር ነበር። ዋይት ይህን ሁሉ የሰነፍ ልቅሶ አድርጎ ቆጠረው። በኦገስት አጋማሽ አንድ ቀን፣ በኮሎራዶ ታማ የተቀመጠችውን ሚስቱን ለማየት ሊሳፈር ንጹሕ የበፍታ ልብሱን ለብሶ፣ ፖስታውንና ጋዜጦቹን ታቅፎ ከፖስታ ቤት ሲመለስ አሥራ አምስት ሃያ የሚሆኑ ፖፑሊስቶች መንገድ ላይ ከበቡት። በዕድሜ የሚበልጡት ነበሩ። እየተቀባበሉ አፋጠጡት፣ ቀለዱበት፣ በበትር ጎነተሉት። ፊቱ ቀልቶ ቢሮው ገባ፤ በቁጣው ላይ እንዳለ ጽፎ ለአታሚዎቹ ሰጠና ባቡሩን ተሳፈረ። ጽሑፉ ኦገስት 15 ቀን ወጣ፤ ርእሱም ካንሳስ ምን ነካት የሚል ነበር። ግዛቲቱ ሰውም ገንዘብም የሚሸሻት ማንም ጃርት የበላው ተነስቶ ሊገዛት ስለፈለገ ነው የሚል የስድብ ናዳ ነው። የሪፐብሊካን ፓርቲ የምርጫ አዛዥ ማርክ ሃና አገኘውና ለፓርቲው ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ለማኪንሊ ምርጫ በመላ አገሪቱ አሰራጨው። በዚያው በጋ ስሙን የማያውቅ ጋዜጠኛ ጠፋ።

የዋይት ዝና የተነሳው እንግዲህ ከስሕተቱ ነው። ይህን ልሸፋፍነው አልፈልግም። ነገር ግን ጽሑፉ የተወለደበትን ሁኔታ ልብ ይሏል። ጎረቤቶቹ ቃል በቃል ከብበውት ነበር፤ እሱ ግን ከመካከላቸው ወጥቶ ሮጠ፣ ያሉትን ሳይሆን ያዋረዱትን ብቻ ሰምቶ። የጻፈውም ለእነሱ አልነበረም። ሊሄድ የተሳፈረበት ባቡር ደግሞ መልሶ አመጣው፤ ከተመለሰም በኋላ እነዚያን ሰዎች በየቀኑ ማየት ግዴታው ነበር። በ1897 በኋላ ፕሬዚዳንት ከሆነው ከቴዎዶር ሩዝቬልት ጋር ተዋወቀ፤ ለለውጥ የነቃውም በእሱ ምክንያት ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነገራል፣ ራሱም የሩዝቬልትን ውለታ አልካደም። ሆኖም ዋሽንግተን ላይ የሰማው ሐሳብ ሥር እንዲይዝ ያደረገው ኤምፖሪያ ላይ የሚያየው ኑሮ ነው። የባቡር ኩባንያ ጉልበት፣ የባንክ ወለድ፣ በጓዳ ተመርጦ የሚላክ ሴናተር ምን እንደሚያደርግ በመጽሐፍ ማንበብ አላስፈለገውም። ቀስ እያለ የፖፑሊስቶቹን ጥያቄዎች አንድ በአንድ የራሱ አደረጋቸው። የገቢ ግብርና የሴናተሮች ቀጥተኛ ምርጫ በ1913 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲጸድቁ ዋይት ከደጋፊዎቹ ወገን ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1912 ሩዝቬልት ከሪፐብሊካን ፓርቲ ሲለይ አብሮት ወጥቷል። ማፈንገጥ የለም ያለው ሰው አፈነገጠ። በሕይወት ታሪኩም ላይ የ1896ቱን ፍርዱን ስሕተት ብሎ ጽፏል። ለታዋቂ ሰው ዝናውን ያመጣለትን ሥራ መካድ ከምንም በላይ ይከብዳል።

የዋይት ገንዘብ ሁሉ ከከተማዋ አልነበረም ይባል ይሆናል። እውነትነት አለው። በታላላቅ መጽሔቶች ይጽፍ ነበር፣ መጻሕፍቱም ይሸጡ ነበር፤ ይህ ገቢ ማስታወቂያ ሰጪ ነጋዴ ሲያኮርፍ ጋዜጣው እንዳይዘጋ ደግፎታል። ስለዚህ የኤምፖሪያ ጋዜት ነጻነት በከፊል በኒው ዮርክ ገንዘብ የተገዛ ነው። ግን ኒው ዮርክ የምትከፍለው ለምን ነበር? በዚያ ከተማ ጎበዝ ጸሐፊ ሞልቶ ነበር። ያጡት ከትንሽ ከተማ ውስጥ ሆኖ አገሩን የሚያይ ሰው ነው። ትልልቅ ጋዜጦች ና እያሉ ደጋግመው ጠርተውታል። ሄዶ ቢሆን ኖሮ የሚፈልጉትን ነገር ጥሎ ይሄድ ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል እንደሚባለው፣ ቅርቡን ንቆ ሩቁን የሚመኝ ጸሐፊ በሞላበት ዘመን ዋይት በቅርቡ ጠበል ተጠምቋል።

በሜይ 1921 የቤቱ ብርሃን ጠፋ። የ16 ዓመቷ ልጁ ሜሪ በፈረስ ላይ ሆና ለምታውቀው ሰው እጇን ስታውለበልብ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የዛፍ ቅርንጫፍ ራሷን መታት፤ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ በሜይ 13፣ ሞተች። አባቷ ከቀብሯ በኋላ የጻፈው ርእሰ አንቀጽ በሜይ 17 ወጣ፤ በየአገሩ ጋዜጣና መማሪያ መጽሐፍ ተደጋግሞ ታትሟል። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያለቅስ አባት የጻፈው ነው፤ ልቅሶ ግን አይበዛበትም። የልጅቷን የተንጨባረረ ጉንጉን፣ የተጫነች መኪና የምትነዳበትን ሁኔታ፣ ከድሃውም ከሀብታሙም የምትወዳጅበትን ጠባይ እንደ ከተማ ወሬ አድርጎ ይዘረዝራል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር አለ። ሜሪ በመጨረሻ የጀመረችው ትግል በትምህርት ቤቷ ለጥቁር ልጃገረዶች ማረፊያ ክፍል ማስገኘት ነበር፤ አንዷ ጥቁር ተማሪ ሌላ ቦታ አጥታ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ስታነብ አይታ ተቆጥታለች። አባትየው ይህን በልጁ የሐዘን ጽሑፍ ውስጥ ማስገባቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ማረፊያ የነፈገው ትምህርት ቤት የከተማዋ ነው፤ ጽሑፉን የሚያነቡትም ቀብር ላይ የቆሙት ሰዎች ናቸው። ራሱ ዋይት ስለ ዘር አድልዎ ዘግይቶ የነቃ ሰው ነበር ማለት ይቻላል፤ በዚህ ጉዳይ ልጁ ቀድማዋለች። እሱም መቅደሟን በአደባባይ ጻፈላት።

በሚቀጥለው ዓመት የወዳጅነቱ ፈተና መጣ። በጁላይ 1 ቀን 1922 ወደ 400,000 የሚጠጉ የባቡር ጥገና ሠራተኞች የደመወዝ ቅነሳን ተቃውመው በመላ አገሪቱ ሥራ አቆሙ። ኤምፖሪያ በሳንታ ፌ የባቡር መስመር ላይ ያለች ከተማ ናትና አድማው ቤቷ ገባ። የካንሳስ አስተዳዳሪ ሄንሪ አለን ነበር፤ እሱም ጋዜጣ አሳታሚ፣ የዋይት የልብ ወዳጅ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለቀይ መስቀል ሥራ አብረው አውሮፓ የተጓዙ። በ1920 ባወጣው የኢንዱስትሪ ፍርድ ቤት ሕግ መሠረት አድማውን መደገፍ፣ በሱቅ መስኮት የድጋፍ ወረቀት መለጠፍም ጭምር፣ ወንጀል ነው አለ። ዋይት በጋዜጣው መስኮት ላይ ወረቀት ለጠፈ፦ አድመኞቹ ሰላም እስከጠበቁ ድረስ ጋዜት 50 በመቶ ይደግፋቸዋል፣ ሁከት ሳይነሳ ባለፈ በእያንዳንዱ ቀን ደግሞ 1 በመቶ ይጨምራል። ክርክሩ አድመኞቹ ሙሉ በሙሉ ትክክል ናቸው የሚል አልነበረም፤ ሰው በሰላም ሐሳቡን እንዳይናገር መከልከል አይቻልም የሚል ነበር። አለን ወዳጁን እንዲታሰር አዘዘ። አንድ የተጨነቀ ወዳጅ ደግሞ በዚህ አስጊ ጊዜ ዝም ብትል ምናለ ብሎት ኖሮ፣ በጁላይ 27 የመለሰለት ርእሰ አንቀጽ በ1923 የፑሊትዘርን ሽልማት አስገኘለት። መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ የመናገር ነጻነት በደኅና ጊዜ ማንም አይነካውም፤ የሚያስፈልገው የሚያስፈራው ጊዜ ሲመጣ ነው። ክሱ በዲሴምበር ተሠረዘ። ዋይት ግን ተከራክሮ ሊረታ ፈልጎ ነበርና አልተደሰተም። መቅረብ ብዕርን ያስራል የሚለው ተቃውሞ እዚህ ላይ መልስ ያገኘ ይመስለኛል። የታገለው ከወዳጁ ጋር ነው፤ የተሟገተለት ደግሞ በየቀኑ በመስኮቱ በኩል የሚያልፈው ሠራተኛ ነው። ሁለቱ ወዳጆች ከዚያ በኋላም ወዳጅ ሆነው ኖረዋል።

በ1924 ኩ ክላክስ ክላን በካንሳስ ተንሰራፍቶ ነበር። በካቶሊኮች፣ በአይሁድ፣ በጥቁሮችና በስደተኞች ላይ የተነሳው ይህ ማኅበር ከጭምብሉ ሥር ነጋዴውን፣ ሰባኪውን፣ ባለሥልጣኑን አሰልፏል። ሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች ለአስተዳዳሪነት ያቀረቧቸው ዕጩዎች ክላኑን በግልጽ ለማውገዝ አልደፈሩም። ዋይት በሴፕቴምበር በግሉ ተወዳዳሪ ሆኖ ቀረበ፣ የፓርቲውን ዕጩ እንደገና ትቶ። ልጁ ቢል እየነዳ፣ ሳሊ አብራቸው ሆና፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ በግዛቲቱ ዙሪያ ከ100 በላይ ንግግር አደረገ። ወደ 150,000 ድምፅ አግኝቶ ሦስተኛ ወጣ። ተሸነፈ፤ ምን ጠቀመ ታዲያ? ከዚህም የሚከብድ ጥያቄ አለ። ክላኑን በካንሳስ በሕግ የመታው የዋይት ንግግር አልነበረም። ያለፈቃድ የሚሠራ የውጭ ድርጅት ነው ብሎ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1925 የወሰነበት ክስ የተጀመረው በ1922 ነው፤ ያስጀመረውም ዋይትን ያሳሰረው ያው ሄንሪ አለን ነው። ይህ ለአለን የሚገባው ክብር ነው፣ ልንነፍገው አይገባም። ሆኖም ፍርድ ቤት የሚዘጋው ድርጅቱን ነው እንጂ ፍርሃቱን አይደለም። በዚያ መከር 150,000 ሰው ከጭምብል ሥር ያለውን ጎረቤቱን እንደማይፈራ በድምፁ ተናገረ። ለዚህ መናገሪያ ይሆናቸው ዘንድ አንድ ሰው መሸነፉን እያወቀ መቆም ነበረበት።

የማልመልሰው ትችት አንድ አለ። ዋይት ከእያንዳንዱ ማፈንገጥ በኋላ ወደ ፓርቲው ይመለስ ነበር። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ዋይት ከአራቱ ዓመት ሦስት ዓመት ተኩሉን ከእኔ ጋር ነው እያለ በምርጫ ሰሞን ስለሚጠፋው ድጋፍ ይናገር ነበር፤ እውነትም ነበረው። የኢኮኖሚ ማሻሻያውን ዓመቱን ሙሉ እያመሰገነ በምርጫ ቀን የሚቃወም ሰው ዕዳ አለበት።

የመጨረሻው ትልቅ ሥራው ደግሞ ክርክሬን በተቃራኒው በኩል ያሳየዋል። በሜይ 1940፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ በምትወድቅበት ሰሞን፣ በ72 ዓመቱ ከጀርመን ጋር የሚዋጉትን አጋር አገሮች ረድቶ አሜሪካን ለመከላከል የተቋቋመውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መራ። ቅርንጫፎቹ በመቶ የሚቆጠሩ ሆኑ፤ በአገሪቱ አስተሳሰብ ላይ ያሳደረው ጫና ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ጽሕፈት ቤቱ ኒው ዮርክ ነበር፣ ሊቀ መንበሩ ኤምፖሪያ። በስሙ የሚናገሩት ሰዎች እሱ ከሚያምንበት አልፈው ወደ ጦርነቱ መግባትን ይገፉ ጀመር፤ እሱ በዓመቱ መጨረሻ የእኛ ዓላማ ከጦርነቱ መራቅ ነው ብሎ በይፋ ሲጽፍ ባልደረቦቹ ተቆጡ። በጃንዋሪ 1941 ለቀቀ። ፊት ለፊት የማያያቸውን ሰዎች መምራት አልሆነለትም። ስለ ጦርነቱ ትክክል የነበሩት ምናልባት እነሱ ነበሩ፤ ግን የፊት ለፊት ሰው የነበረው ዋይት ያለ ፊት መሥራት አልቻለበትም።

ጃንዋሪ 29 ቀን 1944፣ ካንሳስ ግዛት የሆነችበት ቀን በሚከበርበት ዕለት፣ በኤምፖሪያ ሬድ ሮክስ እየተባለ በሚታወቀው መኖሪያው ሞተ። ጋዜጣውን ልጁ ቢል ተረከበው። የሕይወት ታሪኩ ከሞተ በኋላ በ1946 ታትሞ በማግሥቱ ዓመት ሁለተኛውን ፑሊትዘር አገኘ። ቤተሰቡ ለሜሪ መታሰቢያ ለከተማዋ የሰጠው መናፈሻ በዋይት ስም አልተሰየመም፤ ማደግ እንቢ ባለው የተረት ልጅ ስም ፒተር ፓን ፓርክ ይባላል። በ1950 የዋይት ሐውልት እዚያ ሲቆም መርቀው የከፈቱት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ነበሩ። ዋይት የተቀበረው በ1895 እዚሁ እሸመግላለሁ ባለባት ከተማ፣ ልጁ ሜሪ በተቀበረችበት መካነ መቃብር ነው።